ባልታረደ ፍየል ጥብስ የመሰከሩት እትዬ ሀሚዳ

ለተከበሩ አቶ ገብረ ጻድቅ፣
የ«ማለዳ ዋግ» የዜና ገጽ ዋና አዘጋጅ
ሰቆጣ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደሚያወጧቸው ዜናዎች ሁሉ የደመቀና እንከን የማይወጣለት ይሁን እላለሁ።

ሰቆጣ ውስጥ አዲስ ምግብ ቤት በተከፈተ ቁጥር ዜናው ለምን የሠርግ መጥሪያ ይመስላል ብሎ ያልጠየቀ አንባቢ ይኖር ይሆን? እኔም በጋዜጠኝነት ተመርቄ ከደሃና ስመጣ ይህን እጠይቅ ነበር። በእርስዎ ቸርነት በሙከራ ሪፖርተርነት በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት መልሱን በገዛ እጄ ጻፍሁት። ስለ «ሰባት ዋርካ ባህላዊ ምግብ ቤት» መከፈት የወጣውን፣ ከላዩ ስሜ ያለበትን ዜና ማለቴ ነው። ስሜ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ስለነበር ለአባቴ ደውዬ ከዳር እስከ ዳር አንብቤለታለሁ። ዛሬ መልሼ የምደውልበት ፊት የለኝም።

ስለዋሉልኝ ውለታ በተራ ቁጥር ላመስግን።

1. እንዳልደክም አስበው ከምግብ ቤቱ ባለቤት ከአቶ ይስማው ተጽፎ የመጣውን ዜና ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። «በዓይነቱ ልዩ»፣ «የከተማችንን ገጽታ የቀየረ»፣ «እጅ የሚያስቆረጥም» የሚሉትን ስቆጥር አሥራ አንድ ላይ ደክሞኝ ተውሁ። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ከዜና ለይቶ ማውጣት ዩኒቨርሲቲ የተፈተንሁበትና ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁበት ትምህርት ነበር።

2. አቶ ይስማው የባለቤትዎ የወይዘሮ እናትነሽ ወንድም መሆናቸውን ጽፌ አንባቢን በማይመለከተው የቤተሰብ ጉዳይ እንዳላሰለች ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ።

3. ዜናው «ነዋሪዎች በነቂስ ወጥተው የአበርገሌ ፍየል ጥብስ አጣጣሙ» ይላል። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ቤቱ ጾሙን አክብሮ ፍየል አላረደም፤ የቀረበልን ሽሮና ምስር ነው፣ እኔም በነጻ በልቻለሁ። ጽሑፉ ግን ከሰኞ ጀምሮ ተሰናድቶ ስለጠበቀን ጥብሱን ከውስጡ ለማውጣት አልደፈርሁም።

4. ይህኛውን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። «ይታየሽ፣ የነዋሪ ድምፅ ጎድሎታል፣ ቶሎ ሙዪበት» ሲሉኝ፣ ከምግብ ቤቱ አጠገብ ቅመም ወደሚሸጡት ወደ እትዬ ሀሚዳ ሱቅ ሄድሁ። እሳቸውም «ጎረቤት ነው፣ አላህ ይባርክለት፤ ጢሱን ግን ወደ ሱቄ ባይሰደው» አሉኝ። ቃላቸው ለዜና አልጣፈጠኝም። «የጥብሱ ጣዕም እስካሁን ከአፌ አልጠፋም» ብዬ በስማቸው ጻፍሁ። እርስዎም «አሁን ዜና ሆነ» ብለው አመሰገኑኝ።

ሙስሊምና ክርስቲያን ሐዘኑንም ደስታውንም አብረን ስንውል ሥጋውን ግን የየራሳችንን እንደምንበላ ማን ያጣዋል? አባቴ ቤት ድግስ ሲኖር የሙስሊም ጎረቤቶቻችን በግ በራሳቸው እጅ ታርዶ በተለየ ድስት ነው የሚሠራው። ድስቱን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ያን ቃል ስጽፍ ይህ ሁሉ አልታየኝም፤ የታየኝ ስሜ ብቻ ነበር።

ዜናው ከወጣ በኋላ የእትዬ ሀሚዳ ታላቅ ወንድም ሐይደር በገበያው መሐል «ሀሚዳ፣ ጥብሱ ከአፍሽ ጠፋ ወይስ አለ?» አሏቸው። ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን እዚያ አልቀረም። የፊታችን እሑድ የአቶ ሚፍታሕ ልጅ ኒካህ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የሰፈሩን የሠርግ ወጥ የያዙት እትዬ ሀሚዳ «አንቺ ዘንድሮ ዕረፊ» ተባሉ። ይቅርታ ልለምን ስሄድ አልተቆጡኝም። «አንቺ የአስማረ ልጅ፣ እኔ ምን አድርጌሽ ነው?» ብለውኝ ወደ በርበሬያቸው ዞሩ። ቢሰድቡኝ በወደድሁ።

ሦስት ጊዜ ማረሚያ ይውጣ ብዬ ስለምንዎ «ማን ያስታውሰዋል?» ብለው አጽናኑኝ። የሚያስታውሱት ድስቱን የነጠቋቸው ናቸው። ስለዚህ ከእሑድ በፊት፣ ስሜ ከላይ ሆኖ፣ ይህ ብቻ እንዲወጣ እለምናለሁ፦ ፍየል አልታረደም፤ እትዬ ሀሚዳ አልበሉም፣ አልተናገሩምም፤ ቃሉን የፈጠርሁት እኔ ነኝ፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት የአዘጋጁ አማች ናቸው። መልስዎን በዚሁ ገጽ ላይ እጠብቃለሁ። ያልተናገራችሁት በስማችሁ የተጻፈባችሁ አንባቢዎችም ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልን።

በነጻ ሽሮዎ የጠገብሁ፣ በምስጋናዎ ያፈርሁ፣
የሙከራ ጊዜዬ ዛሬ እንደሚያልቅ የጠረጠርሁ ታዛዥዎ
ይታየሽ አስማረ

ማስታወሻ፦ ማረሚያው እስኪወጣ በየማለዳው እትዬ ሀሚዳ ደጃፍ ቆሜ ለመጣው ሁሉ እውነቱን በአፌ እየተናገርሁ ነው። ስምንተኛዋ ሰሚ በርበሬ ሊገዙ የመጡት ወይዘሮ እናትነሽ ነበሩ። «ወንድሜ ረቡዕ ፍየል አያርድም፤ እኔም ያን ቀን ሽሮውን ሳማስል ነው የዋልሁት» አሉኝ። የነዋሪ ድምፅ ከጎደለዎ እንግዲህ ሩቅ መሄድ የለብዎትም፤ ቤትዎ አለ።