ትዕግስት የቸኮለችበት መስመር

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ ትዕግስት ለሮብ ገበያ ከተማ የድንች ዘር አምራቾች የሠራችው ድረ ገጽ ዛሬም እምቢ አለ። ደንበኛ ትዕዛዝ ሲልክ ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ይመጣል። ነገ ማስረከብ አለባት።

«ጥፋቱ ሰርቨሩ ላይ ያለው ኮድ ውስጥ ነው፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ጠፋኝ» አለች።

«እስኪ አንብቢልኝ።»

«እማዬ ደግሞ! ምኑን ትሰሚዋለሽ?»

«አንቺን ነዋ!»

ሳቀችና እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ታስረዳኝ ጀመር። ምንም አልገባኝም፤ ድምፅዋን ግን አውቀዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ተጣደፈች። ልጅ ሆና ስኳር ሰርቃ ስትጠየቅም እንዲሁ ነበረች።

«እዚህ ጋ ምን አስቸኮለሽ?»

መስመሩን መልሳ አየችው። ከድሮ ሥራዋ ገልብጣ ያመጣችው መስመር ነው፤ የድሮውን የይለፍ ቃል ሳትቀይረው ቀርታለች። ስታስተካክለው ትዕዛዙ ገባ። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና «ከዛሬ ጀምሮ የሥራ ባልደረባዬ ነሽ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

አባቷም በዚያ በመጨረሻ ክረምቱ «ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» ሲለኝ እንዲሁ ይቸኩል ነበር። ያንንም ሰምቻለሁ። ምን እንዳስቸኮለው ግን አልጠየቅሁትም።