ለስፌት ቤትሽ የተመረጠው ኮንቴነር

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ከራስ ፀጉርሽ ጀምሮ እንደምን ሰነበትሽ? ናፍቆትሽ እንዳለ ሆኖ እኛ ለቸሩ እግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። አባባ ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ እንደ ልማዱ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ ይናገራል። ወንድምሽ አያ ይሄይስም ደኅና ነው። ላሟ ደኅና ናት። ቀዩዋን ዶሮ አትጠይቂኝ፤ እሑድ አባ ቴዎፍሎስ ቤታችን ነበሩ።

የእግርሽ ጄሶ እንዴት ነው? እንዲህ ብዬ እንድጠይቅሽ አባባ አዘውኛልና ጠየቅሁ። በስልክማ እኔና አንቺ መቼ ተነጋግረን እናውቃለን? ስልኩን እሳቸው ጨብጠው፣ «ደኅና ናት፣ ትማራለች፣ በይ ቻው» ይሉልኛል። እሳቸው ሲለቁኝ ኔትወርኩ ይሄዳል። ልምጣና ልያት ስል ደግሞ መንገዱ ይበላሻል። ይኸው መንገድ ለአያ ይሄይስ ሲሆን ይስተካከላል። ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። ሰኞ ከተሳካለት ይነሣል፤ ደብዳቤዋን ከበሶው ሥር ቀብሬያታለሁ፤ በሶው ሳያልቅ አታገኚያትም፣ እሱም መንገድ ላይ እንደማይጨርሰው ተስፋ አለኝ።

እማ፣ አያ ይሄይስ ባለፈው ካንቺ ዘንድ፣ ከባሕር ዳር ሆስፒታል ተመልሶ ለአባባ የነገራቸውን ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አልለጠፍኩም፤ ግድግዳው ነው ወደ ጆሮዬ የመጣው። «አልመለስም ብላለች» አለ። «የስፌት ቤቴም ለመንገዱ ተብሎ ፈርሷል፤ ምን ልሠራ? የማን ሸክም ልሁን? ብላለች።»  አባባ፣ «የምትሠራበት ቢኖርስ ትመጣ ይሆን?» አሉት። «እኔ እንጃ አባ» አለ። የኮንቴነሩ ነገር የተነሣው በማግሥቱ ነው።

ቡሬ መውጫ ላይ አሮጌ ኮንቴነር የሚሸጥበት ግቢ አለ። አባባ፣ አያ ይሄይስና አባ ቴዎፍሎስ ሄዱ። የንስሐ አባት ለኮንቴነር ምን ያደርጋል እንዳትይኝ፤ ተጠይቋል፣ መልስ አልተገኘም። በያጇ ሰውነትም ነበረች፤ ያቺ ባጃጅ ተራው አጠገብ የምትበይደው፣ ቱታዋን አንቺ የሰፋሽላት። እኔ የተወሰድኩት በሩ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ እንዳነብ ነው።

አባባ በሬ ሊገዙ የመጡ ነው የሚመስሉት። ገና ከመድረሳችን አንድ ቀይ ኮንቴነር መረጡና ዞሩት፤ ጎኑን በከዘራ መቱት፤ ዝቅ ብለው ሆዱን አዩት። የበሩን ላስቲክ በጣታቸው ገልጠው እንደ ጥርስ ሲመረምሩ ሻጩ፣ «አባቴ፣ አያርስም እኮ» አላቸው።

«ካላረሰ ምን ያስወድደዋል?» አሉት።

ሰውነት ግን እኔን ውስጥ አስገብታ በሩን ከውጭ ዘጋችብኝ። «ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካየሽ ቁጠሪ፤ ዝናብም የሚገባው በዚያው ነው» አለችኝ። ያ አባባ «ቆዳው ያምራል» ያሉት ቀይ ኮንቴነር ውስጡ የጥቅምት ሰማይ ሆኖ አገኘሁት። አሥራ አንድ ኮከብ ቆጠርኩ። ለካ አዲሱ ቀለም ዝገቱን ሸፍኖት ነው። «አባባ፣ በሬዎ ወንፊት ነው» እያልኩ ወጣሁ።

ከዚያ ባለ አርባ ጫማውን ወደዱ። «ትልቅ ነገር ትልቅ ነው» አሉ። ሰውነት፣ «በእናንተ ቅያስ በምን ይገባል? የበሩን መቃን፣ አጥሩን፣ የጎረቤትን ባሕር ዛፍ አፍርሶ ነው?» ስትላቸው ጎረቤትን አሰቡና ተዉት። የጎረቤትን ባሕር ዛፍ ያሰቡት አዝነው እንዳይመስልሽ፤ ካሳውን ፈርተው ነው።

ቀጥሎ አንድ ነጭ ባለ ሃያ ጫማ አገኘን። በበረዶ ሥጋ ሲያመላልስ የኖረ ነው፤ ግድግዳው እንደ ፍራሽ ወፍራም ነው። ሰውነት ደስ አላት። «ለሥራ ቤት ከዚህ የተሻለ የለም። ሌላው ብረት ብቻ ነው፤ ቀን ያነድዳል፣ ሲበርድ ደግሞ ጣሪያው አልቦት ጨርቋ ላይ ይንጠባጠባል። ይሄ አይሞቅም፣ አያልብም» አለች። እኔም በልቤ አንቺን እዚያ ውስጥ አስቀምጬሽ ነበር።

አያ ይሄይስ ገብቶ ወለሉን አየ። ወለሉ እንጨት አይደለም። ብርዱ እንዲያልፍበት ተብሎ እንደታረሰ ማሳ ፈር ፈር የወጣለት ብረት ነው። አያ ይሄይስ ወጣና የሰውየውን የእጅ ጋሪ አምጥቶ ወለሉ ላይ ገፋው። ጎማው ፈሩ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ነቅሎ በሌላ በኩል ገፋው፤ አሁንም ተያዘ። ቀና ብሎ አባ ቴዎፍሎስን አያቸው። አባ ቴዎፍሎስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ የምን ሥጋ ነበር የተጫነበት?»

«እኔ ምን አውቅልዎታለሁ አባቴ» አለ ሻጩ።

«የማን እርድ?»

«ከባሕር ማዶ ነው የመጣው።»

«እንግዲያውስ ክርስቲያን አይቀመጥበትም።»

«አባ፣ እማ ልትሰፋበት ነው እንጂ ልትልሰው ነው እንዴ?» አልኩ። አባባ በከዘራቸው ጫፍ ጫማዬን ነካ አደረጉኝ። ትርጉሙን ታውቂዋለሽ፤ «ቤት እንገናኝ» ነው።

በመጨረሻ ቡናማ ባለ ሃያ ጫማ ተገዛ። ወለሉ ልሙጥ ጣውላ ነው፤ ውስጡ ገብቼ አንድ ኮከብ አላገኘሁበትም። አባባ ሻጩን እንደ ከብት ገበያ አስማሉት፤ «የተደበቀ በሽታ ካለው ይድረስብኝ» አስባሉት። ሰውየው ሣቁን ይዞ ማለ።

ደጃፋችን ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጦርነት። ሰውነት፣ «አራቱ ማዕዘን ላይ ወፍራም ድንጋይ ይግባለት፤ መሬት ከነካ ክረምቱ ከሥር ይበላዋል» አለች።

«መሬት ይንካ» አሉ አባባ።

«ይዝጋል እኮ አባባ» አልኩ።

«ይዝጋ! አንቺ ልጅ፣ ዝገት ያየሽው ዛሬ ነው፤ እኔ ማረሻ ሲዝግ ነው ያደግኩት።»

«ለዚያ ይሆናላ ጎተራችን የማይሞላው።»

ያቺ ከዘራቸው ጫማዬን ዘላ ባቴ ላይ አረፈች።

በሩም ጉድ ነበረው። ሰውነት በጎኑ መግቢያ ልትቆርጥ ስፋቱን ስትጠይቅ አያ ይሄይስ ከኮቱ ኪስ ሲባጎ አወጣ። ሁለት ቋጠሮ አለው። ከባሕር ዳር ነው ያመጣው። «ከዚህ ቋጠሮ እስከዚህ። በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጭብጥ ጨምሪ። ደፍ እንዳይኖረው» አላት።

«ሠርገኛ ነው የሚገባበት?» አለችው። ሲባጎውን ጠቅልሎ ወደ ኪሱ መለሰው።

እኔ እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ ሦስቱን እያስመሰልኩ የሰፈሩን ልጆች ሳሥቅ ከረምኩ። የአባባን በሬ ምርመራ፣ የአባ ቴዎፍሎስን «የማን እርድ?» ሳሳይ ጎረቤታችን እማማ አስካለ ማርያም ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሥቀዋል። በሠለጠነ ዘመን ኮንቴነር መምረጥ ያልቻሉ ሽማግሌዎች እያልኩ።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ሣቄ አለቀ።

አባባ የስፌት መኪናሽን፣ «ዘይት ላስቀባት» ብለው በጋሪ ጭነው ወስደዋት ነበር። ሲመልሷት ከሥሯ ፔዳሉ የለም። ቀበቶዋም የለም። በጎኗ የእጅ መዘውር ተገጥሞላታል። «ፔዳሉስ?» አልኳቸው። «ይንቋቋል» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ላሟ አዞሩ።

አይንቋቋም ነበር እማ። እኔ እኮ ልጅ ሆኜ ከመኪናዋ ሥር ተቀምጬ እግርሽ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ነው ቁጥር የቆጠርኩት። የፔዳሉን ድምፅ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

 ሲባጎዋን ከአያ ይሄይስ ኮት ኪስ ወስጄ (መልሼያታለሁ) ሚካኤል ሄድኩ። በሩ ላይ በባለ ጎማ ወንበር የሚቀመጡትን ሽማግሌ ታውቂያቸዋለሽ። «አባቴ፣ አንዴ ልለካዎት?» አልኳቸው። «ለሣጥን ከሆነ ገና ነኝ» አሉኝ። ከጎማ እስከ ጎማ ዘረጋሁት። ቋጠሮው ከቋጠሮው ገጠመ። ሽማግሌው ፊቴን አዩና፣ «የማን ነው ልጄ?» አሉኝ። «የትምህርት ቤት ሥራ ነው» አልኩ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ስንት ጊዜው።

ቤት አልገባሁም። ኮንቴነሩ ውስጥ ገብቼ በሩን ከውስጥ ሳብኩት። የጎኑ በር ገና አልተቆረጠም ነበር። ጨለማ ነው፤ አንድም ኮከብ የለው። ጥሩ ኮንቴነር ነው እማ። ድምፅም አያወጣም።

በማግሥቱ ዘነበ። ውኃው ከሥሩ ገብቶ ተኛ። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው በከዘራቸው ቦይ ሊቀድዱ ይታገላሉ፤ ጭቃው መልሶ ይሞላዋል። ሰውነት መጥታ፣ «ብያችሁ ነበር፤ አሁንም ከፍ ይበል» አለች። አያ ይሄይስ አባባን ያያል፤ አባባ ጭቃውን ያያሉ። ከፍ ካለ ደረጃ ሊወጣለት ነው። ደረጃ ከወጣለት ደግሞ... ማንም አልጨረሰውም። እንደዚያ አንገታቸውን ሲደፉ አይቻቸው አላውቅም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የምቀልደው አጣሁ። «ዐውቄያለሁ» ብላቸው አባባ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ የሚሉ መሰለኝ።

ስለዚህ የእነሱን ቋንቋ ተናገርኩ። «አባባ፣ የጨርቅ ጆንያ ከባድ ነው። ኮንቴነሩ ድንጋይ ላይ ይውጣና፣ ጆንያውን በጋሪ የምንገፋበት፣ ደረጃ የሌለው የአፈር መወጣጫ ብንሠራለትስ?»

አያ ይሄይስ ዶማውን እንደያዘ ቆመ። አባባ ቀና ብለው አዩኝ። እንደዚያ ረጅም አይተውኝ አያውቁም።

«ለጆንያ ነው?» አሉኝ።

«ለጆንያ ነው» አልኩ።

«ለጆንያ ከሆነ መልካም» አሉና አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ሦስት ቀን አፈርና ድንጋይ ተሸከምን። አባ ቴዎፍሎስም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ድንጋይ አቀበሉ፤ ዶሮዋን ይቅር ብያቸዋለሁ። ሲያልቅ እንሞክረው ተባለ። ጆንያ ግን አልነበረንም። «እኔስ ጆንያ አይደለሁ?» ብለው አባባ እጅ ጋሪው ላይ ከነከዘራቸው ተቀመጡ። ገፋሁ። ግማሽ ላይ ስንደርስ አቀበቱ አሸነፈኝ፤ ጋሪው ወደ ኋላ መጣ፤ አባባ ጭቃው ውስጥ። «ጆንያው ወደቀ!» አሉ። ከሳቸው በቀር የሣቀ የለም። አያ ይሄይስ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆየ።

አቀበቱ ከሮ ነው፤ አርዝመን አለዘብነው። ሰውነትም የጎኑን በር ቆረጠችልንና ዛሬ ጠዋት ደግመን ሞከርን። አያ ይሄይስ ሊያግዘኝ እጁን ሲዘረጋ አባባ፣ «ተዋት፤ ብቻዋን ትግፋ» አሉት። እጄ ውኃ ቋጥሯል፤ ግን ገባን። በበሩም በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጭብጥ ተርፎን ገባን።

ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እንደምንችል አላውቅም። ክረምቱ አፈሩን ይጠርገው አይጠርገው አላውቅም። አንቺም ይሄን ሰምተሽ ትመጪ አትመጪ አላውቅም፤ መንገዱ በኔ እጅ አይደለም፣ ስልኩም በኔ እጅ አይደለም። መስኮቱን ግን ሰውነት ገና አልቆረጠችውም፤ ስትቀመጪ ዓይንሽ የሚደርስበትን ከፍታ በክር ለክተሽ በአያ ይሄይስ ላኪልኝ። ለምን እንደሆነ አይጠይቅሽም።

እመ ብርሃን ከአልጋሽ ራስጌ አትለይ፤ ሌሊቱን ታሳጥርልሽ፤ የሚያክሙሽን እጆች ትባርክ። አባባ፣ አያ ይሄይስ፣ አባ ቴዎፍሎስ፣ እማማ አስካለ ማርያም ሰላም ብለውሻል።

ስትመጪ መወጣጫው የምን ነው ብትይ የጆንያ ነው ይሉሻል። እኔም የጆንያ ነው እልሻለሁ። አንቺም የጆንያ ነው በይ፤ ሽማግሌዎቹ ደስ ይላቸዋል። ለብቻሽ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አባባ ካንቺ ይከብዳሉ።

ልጅሽ