ግንቦት ላይ ደጅ የሚተኛ ሰፈር

ሸዋ ሮቢት
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ሰነበትክ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሃል? አክስቴ ብርድ ልብስ እንደምትደራርብልህ አውቃለሁ። አንተ ግን የቆላ ሰው ነህ፤ እዚያ ሥር ታፍነህ ምን እንቅልፍ አለ? ስልክ ስለማታነሳልኝ ይህን ደብዳቤ በሚኒባስ ሹፌሩ በሳሙኤል እጅ ልኬልሃለሁ። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳይሄድ ነግሬዋለሁ።

አባዬ፣ አሸንፈናል። መንገዳችን የመኖሪያ ሰፈር ሆኖ ይቀጥላል፤ የጎረቤታችን የጋሼ ሚልኪያስ የከባድ መኪና ጋራዥ አይከፈትም።

ጋሼ ሚልኪያስ ፈቃድ የጠየቁት ለግቢያቸው ብቻ መስሎህ ነበር። በከተማው ፕላን ግን አንድ ግቢ ለብቻው አይለወጥም፤ የጠየቁት መንገዱ በሙሉ ከመኖሪያ ንግድና መኖሪያ ወደሚደባለቅበት ቅይጥ አገልግሎት እንዲዞር ነው። ቅይጥ ከሆነ ደግሞ ፎቅ ለማይሠራ ሰው የእድሳት ፈቃድ የለም። የእኛ ጭቃ ቤት ግድግዳው ቢሰነጠቅ መምረግ አንችልም ማለት ነው። እኛም ጎረቤታችን እትዬ ራቢዓም ተራ በተራ ሸጠን እንወጣ ነበር። ይህን ከፕላን ክፍል ሆኜ በጽሑፍ ስቃወም፣ «የሰፈርሽ ጉዳይ ነው፣ እጅሽን አውጪ» ብለው ወደ መዝገብ ቤት አዛወሩኝ። ፕላን የተማርኩት ፋይል ሳስር ልውል አልነበረም። ባለሙያነቴን ቢነጥቁኝም ነዋሪነቴን አልነጠቁኝምና እንደ ነዋሪ አቤት አልኩ።

ሰፈሩን ሊያዩ ከማዘጋጃ ቤቱ የተላኩት ሰዎች የመጡት እኩለ ቀን ላይ ነው። በግንቦት፣ በሸዋ ሮቢት፣ እኩለ ቀን ላይ። በሩ ሁሉ ዝግ ነው፤ ውሻው እንኳ ከጥላ አይወጣም። ክፍት የነበረው የጋሼ ሚልኪያስ መለዋወጫ ሱቅ ብቻ ነው። «የነዋሪ እንቅስቃሴ የማይታይበት፣ የንግድ ጠባይ ያለው መንገድ» ብለው ጻፉ። ሳነበው መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሪፖርቱን ይዤ ተነሳሁ።

አቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ ፊት ቀርቤ «ፀሐይ ስትጠልቅ ኑና እዩ» አልኳቸው።

«የሥራ ሰዓት አይደለም እኮ» አለኝ አንዱ።

«በሥራ ሰዓት የሚታየው ቢሮ ነው። መኖሪያ የሚታየው ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ነው» አልኩት።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ወይንሸት ፈገግ ብለው «እንመጣለን» አሉ።

ለማንም አልጋ አውጡ አላልኩም። በግንቦት ይህ ለማን ይነገራል? ጀንበር ስታዘቀዝቅ አልጋው ሁሉ ደጅ ወጣ፣ አጎበሩ ተሰቀለ። እትዬ ራቢዓ መግሪብ ሰግደው መስገጃቸውን ሲያጥፉ ኮሚቴው ደረሰ። ከቀን ጎብኚዎቹ አንዱ «በእኛ ሪፖርት እዚህ ሰው አይኖርም» ብሎ ማንበብ ሲጀምር፣ እትዬ ራቢዓ «ታዲያ እኔ ጂን ነኝ ወይ ልጄ?» አሉት። ከየአልጋው ሳቅ ተሰማ።

ጋሼ ሚልኪያስ ግን አላፈሩም። «የቅርብ ጎረቤቴ ብርሃኑ ራሱ ተስማምቶ ፈርሟል» አሉ።

«የፈረመው በእናቴ ለቅሶ፣ ድንኳን ውስጥ ነው» አልኩ። «የሚስቱን አስከሬን የተሸከመለት ሰው ወረቀት ሲዘረጋለት እምቢ የሚል ሐዘንተኛ ካለ አሳዩኝ።»



«አልጋውም ለቅሶውም እሷ ያዘጋጀችው ቲያትር ነው» አሉ ጋሼ ሚልኪያስ። ወይዘሮ ወይንሸት በጋሼ ሚልኪያስ አጥር ላይ አሻግረው አዩ። ጋራዥ ሊሆን በታሰበው ግቢ መሃል፣ ሰማያዊ አጎበር የተሰቀለለት ሰፊ አልጋ ተነጥፏል።

«ይሄስ የማን ነው?»

የጋሼ ሚልኪያስ ባለቤት እትዬ ትንሣኤ ከጓዳ ብቅ አሉ። ነገሩ አልገባቸውም። «የእኛ ነዋ። በዚህ ሙቀት ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ሚልኪያስማ ከፋሲካ ወዲህ ጣራ ሥር አድሮ አያውቅም።»

 ውሳኔው ትናንት ተለጠፈ፤ የጋሼ ሚልኪያስ ጥያቄ ውድቅ ሆኗል። እኔንም «ወደ ፕላን ክፍል ተመለሽ» ብለው በቃል ነገሩኝ። በጽሑፍ ስጡኝ አልኳቸው፤ ሰጡኝ።

አባዬ፣ በዚያ ፊርማ አፍረህ እንደሄድክ አውቃለሁ፤ ሰፈሩ ግን ስለ እሱ አያወራም። እትዬ ራቢዓ በየምሽቱ የሚጠይቁኝ «የብርሃኑ ሬዲዮ መቼ ነው የሚሰማው? ያለ እሱ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» እያሉ ነው። አልጋህን ማንጎው ሥር አውጥቼዋለሁ። የላላውን ጠፍር ጎረቤታችን አብዱልመሊክ ወጥሮልኛል። ባትሪም ገዝቻለሁ።

ሳሙኤል ሐሙስ ወደ ቆላ ሲመለስ ከጎኑ ያለውን ወንበር ለማንም እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ።

የእናቴ አምላክ ከብርድም ከሐሳብም ይጠብቅህ። ምርቃትህን ከአፍህ ልስማው።

ልጅህ ናርዶስ ብርሃኑ
የከተማ ፕላን ባለሙያ