የያዝኩት ትከሻ

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ጠዋት ገንዳ። እህቴ ዛሬም አርፍዳ መጣች፤ የዋና ኮፍያዋን መድኃኒት ቤቷ ረስታው። ትርፍ ስለምይዝ ሰጠኋት። “እትዬ፣ ቦርሳሽ ውስጥ እኮ ሱቅ አለ” ብላ ሳቀችብኝ።

የውድድሩ ሐሳብ የእሷ ነው። መጀመሪያ ሐይቅ ውስጥ ዋና፣ ከዚያ ብስክሌት፣ ከዚያ ሩጫ... ሳያርፉ። ትራያትሎን ይሉታል። በዚህ ዕድሜያችን! ብቻዋን እንዳልተዋት ብዬ ገባሁበት። አሁን ግን እኔ ነኝ የማሠለጥናት። ሌላ ምን እችላለሁ? ማንበብ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።

ገንዳው ወለል ላይ ጥቁር መስመር አለ። ዓይኔን ሳልነቅል እከተለዋለሁ፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብዬ። የእሷ አካሄድ ጠመም ይላል። ነገርኳት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ምሳ እህቴ ቤት። “እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሐይቁ ላይ እንሞክር። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነው የሚለማመዱት።”

“ውሃ ውሃ ነው። መጀመሪያ ስልትሽ ይስተካከል። ትምህርት ቅደም ተከተል አለው።”

“ጡረታ ወጥተሻል እኮ!”

ባሏ ከወጥ ቤት ጮኸ፦ “ጡረታ የወጣችው ከትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ከአንቺ አይደለም!”

ተሳሳቅን። ሐይቁ ቀረ። ሁልጊዜም እሷ ናት የምትተውልኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

ጉልበቴ ደህና ነው። ከብስክሌት ወርዶ ጫማ መቀየር ተለማመድን። እሷ ግራና ቀኙን አቀያየረችው።

እሑድ፣ መጋቢት 1

ጨረስኩ። ሜዳሊያ አለ። ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ልጻፈው። በቅደም ተከተል።

ፊሽካ ተነፋ። ሁሉም ሰው ቀይ ኮፍያ አድርጓል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ከዚያ መስመሩን ፈልጌ ወደ ታች አየሁ። የለም። ጥቁር አረንጓዴ ብቻ... መጨረሻ የሌለው። ትንፋሼ ቆመ። የአንዱ እግር መነጽሬን መታኝ። እጄን ዘረጋሁ፣ ትከሻ አገኘሁ። ያዝኩት። ተደገፍኩበት። እኔ ወደ ላይ ወጣሁ፣ ትከሻው ወደ ታች ወረደ። አየር ሳብኩ። ጣፋጭ ነበር... ምን ብዬ እዋሻለሁ?

ስለቀው ዞረች። መነጽሯ ወርዷል፣ ዓይኗን ውሃ ሞልቶታል፤ እኔን አላየችኝም። እኔ ግን አየኋት።

እህቴ።

እያሳላት እጇን አነሳች። የነፍስ አድን ጀልባ መጣላት። እኔስ? ጀልባው ደርሶላታል አልኩና ዋኘሁ። ከፊቴ የሚሄዱትን እግሮች እየተከተልኩ። ዳር ወጥቼ እግሬን ጠረግሁ። የጣቶቼን መሃል እንኳ አደረቅሁ! የጫማዬን ክር ሁለቴ አሰርኩ። ብስክሌቱን ነዳሁ፣ ሮጥኩ፣ ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባሁ። ሰዉ አጨበጨበ።

እሷ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትጠብቀኛለች። እንደዚያ ሆና አቀፈችኝ። “እትዬ፣ ኮራሁብሽ! እኔን እንኳ አንዱ ቀውስ ይዞ አሰመጠኝ።”

“ማን እንደሆነ አየሽው?” አለ ባሏ።

“ከኋላ ነው። ባገኘው ጆሮውን ነበር የምቆነጥጥለት!”

እኔ ምን አልኩ? “ሥርዓት የሌለው” አልኩ። በዚያ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ በምቆጣበት ድምፄ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

የደም ግፊት ክኒኔ አልቆ ልገዛ መድኃኒት ቤቷ ሄድኩ። ባንኮኒው መስታወት ላይ ፎቶዬን ለጥፋዋለች፣ ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ አድርጌ። ለአንዲት ደንበኛ “እህቴ ናት” ስትል ከበር ሰማሁ። ሳልገባ ተመለስኩ።

በኋላ ደወለች። ብስክሌቷን ልትሸጠው ነው። “ተይኝ እትዬ። ገንዳ ውስጥ እንኳ ሰው ከኋላዬ ሲመጣ እደነግጣለሁ። ውሃ የእኔ ነገር አይደለም።”

ውሃ የእሷ ነገር አይደለም? ጠመም ብላም ቢሆን እንደ ዓሣ ነበር የምትሄደው። ይህንን አንድ ቀን ነግሬያታለሁ? ትዝ አይለኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ነገርኳት። መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ ካርቶን ስትፈታ።

“እኔ ነኝ።”

“ምኑ?”

“የያዝኩሽ። ሐይቁ ውስጥ።”

ሳቀች። “ቀልድ አታውቂበትም፣ ተይው።” ፊቴን ስታይ ተወችው። “አውቀሽ ነው?”

“ስይዝሽ አላወቅሁም። ስለቅሽ አወቅሁ።”

ካርቶኑን ወደ ግድግዳው ገፋችው። “መያዝሽን ተይው። ሰው ሲፈራ ያገኘውን ይይዛል፣ እኔም ብሆን እይዝ ነበር። ከዚያስ?”

“ጀልባው መጣ...”

“ጀልባውን አውቃለሁ። እኔ ነኝ የተሳፈርኩበት። አንቺስ? ብስክሌት ላይ ወጣሽ?”

“አዎ።”

“ጫማሽን በሥርዓት አስረሽ?”

“አዎ።”

“በሕይወት ልኑር ልሙት ሳታውቂ።”

ስንቱን ልጅ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ አቁሜ “መልስ እንጂ!” ብያለሁ። ለካ አፍ እንዲህ ነው የሚደርቀው።

“እኔ እኮ ለአንቺ ነበር የፈራሁት” አለችኝ። “ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ሰውን ሁሉ ‘እህቴን አያችኋት?’ ስል ነበር።”

ደንበኛ ተጣራ። ሄደች። ክኒኔን ሰጥታኝ፣ እንደማንኛውም ሰው “ከምግብ በኋላ” አለችኝ። ከዚያ ፎቶውን ከመስታወቱ ላይ ላጠችው። እኔ ቆሜ እያየሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 15

ስልክ አታነሳም። ባሏ አነሳ። “ጊዜ ስጫት። እኔንም ‘አንተም አጨብጭበህላት ነበር’ ብላ ኩርፊያው ደርሶኛል።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ “ብስክሌቱን አልሸጠችውም። ጎማውን ስትነፋ አየኋት።”

ሜዳሊያው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ልብሴ መሃል ሲያጋጥመኝ ሌላ መሳቢያ ውስጥ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 24

መልእክት ላከችልኝ። “ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ጋ ነኝ።” ሌላ ምንም የለውም። ነይ አላለችም። አትምጪም አላለችም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 28

ሄድኩ። የቅዳሜዎቹ ዋናተኞች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ያውቋታል፤ ለካ ያለእኔ መመላለስ ጀምራለች። አንዱ ይቀልድባታል፣ እሷም ትመልስለታለች። እኔ ዳር ላይ ፎጣዬን አጣጥፌ ቆምኩ። መጥታ ደህና አደርሽ አለችኝ። ጉንጬን አልሳመችም።

“እስከ ቢጫው ተንሳፋፊ ኳስ ድረስ ነው የምንሄደው” አለች። “ወደ ታች አትመልከቺ። ምንም የለም እዚያ። በየጊዜው ቀና እያልሽ ተንሳፋፊውን እዪ።”

እሺ አልኩ። ለእሷ እሺ ያልኩበት ሌላ ቀን ይኖር ይሆን?

እስከ ወገባችን ገባን። ውሃው ይበርዳል። አጠገቧ ቆምኩ፤ ትከሻዋ ሽምቅቅ ሲል አየሁት።

“ራቅ በይ” አለችኝ። “እጅሽ የማይደርስብኝ ቦታ ላይ።”

ራቅ አልኩ።

ዞር ብላ በዓይኗ ለካችው። “ትንሽ ጨምሪ።”

ጨመርኩ። ከዚያ ዋኘን።