ከገጹ በታች የቀሩ ሦስት ስሞች

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታናሽ እኅቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የአንኮበር ውርጭ ጉልበትሽን እንዴት አድርጎት ይሆን፣ ያ በክረምት የጀመረሽ ሳልስ ለቀቀሽ ወይ፣ ጎተራሽስ እስከ ፋሲካ ያደርስሻል ወይ እያልሁ፣ ሰላምታዬን ጎረቤላ ደጅሽ ድረስ እሰዳለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እህል እቀምሳለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ፣ ከወንበር ወደ በር፣ ከበር ወደ ወንበር ስመላለስ ይኸው ሳምንት አለፈኝ። የጽሕፈቱ እጅ የእኔ አለመሆኑን ገና ፖስታውን እንደቀደድሽ ታውቂዋለሽ፤ ብርዱ ጣቶቼን ስላደነዘዛቸው፣ እኔ ስናገር የምትጽፍልኝ ወለተሐና የምትባል የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ ናት። አባታችን፣ ለሴት ልጅ ዳዊት ምን ይሠራላታል ያሉትን ሁሉ ንቆ ፊደል ያስቆጠረሽ ለእንዲህ ያለው ቀን ነበርና፣ ለማንም ሳታስነብቢ ለብቻሽ አንብቢው።

ለገና በላክሽልኝ ደብዳቤ፣ የቀበሌያችሁን ሊቀ መንበር ገብረ ጻድቅን በገበያ መካከል፣ “አንተ የልጄን ስም በልተህ ለጦር የዳረግኸው!” ብለሽ እንደ ሰደብሽው፣ እርሱም “እመቤት፣ እኔስ ጽፌ አስተላልፌአለሁ፣ ከላይ የሆነውን አላውቅም” ብሎ ቢምል፣ “ዝርዝሩን የጻፈው ወንድሜ ነው፤ የብርሃነ መስቀል ስም ቢኖርበት ወንድሜ ሳያየው ይቀር ነበር?” ብለሽ በሰው ፊት አፉን እንዳስያዝሽው ነግረሽኛል። ያቺ ቃልሽ፣ ያን ጊዜ ስሰማት ያኮራችኝ፣ ዛሬ መቆሚያ መቀመጫ ነሥታኛለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ዕቃ ነው። የበግ እርባታው ፕሮጀክት ሲዘጋ ለመሥሪያ ቤታችን የተረፈ፣ ኮምፒውተር የሚባል ማሽን አለ፤ ፊቱ ከአባታችን ዳዊት ብዙ የማይሰፋ መስታወት ሲሆን፣ በላዩ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ሥዕሎች ተደርድረውበታል፤ አንዱ ማኅደር ነው፣ አንዱ የቆሻሻ ቅርጫት ነው፣ ጽሑፍ ሲያልቅም በአንዲት በእጅ በምትገፋ ዕቃ ተጎትቶ ከማኅደሩ ይገባል። ከዕለታት አንድ ቀን የአለቃችንን የጓድ ወልደአረጋይን ሪፖርት ከማኅደሩ ያስገባሁ መስሎኝ ከቅርጫቱ ብጨምረው፣ ወለተሐና “የኔታ፣ የጓድን ሪፖርት እኮ ከቆሻሻ ጣሉት! እኔስ ቦታውን ወድጄለታለሁ፣ እሳቸው ግን ይቆጣሉ” ብላ እየሳቀች አወጣችው። (ይህን ስናገር ብዕሯን አቁማ “የኔታ፣ ይህስ ይቅር፣ ያሳስሩኛል” ትለኛለች፤ እኅቴ ሚስጥር ታውቃለች፣ ጻፊ ብያታለሁ።)

በዚያው ቀን ሥዕሎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ለወጠችልኝ፤ ፊደሉም በቁጥር የሚያድግና የሚያንስ መሆኑን፣ አሥራ ሁለት የነበረውም ሃያ አራት ሲባል እጥፍ እንደሚሆን አሳየችኝ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም፤ ከዓመት በላይ በጭጋግ ውስጥ ስዳብስ የኖርሁትን ፊደል፣ ሐ ከነእግሩ፣ ለ ከነትከሻው፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ አገኘሁት። ሰው ሲጠይቀኝ ግን፣ “ለዓይኔ ብዬ አይደለም፤ የመንግሥት ጽሕፈት እንደ ቀደሙት ነገሥታት ዳዊት በጉልህ ሊጻፍ ይገባዋል” እያልሁ እኩራራ ነበር፤ ጓድ ወልደአረጋይም “ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ ነው ወይስ ከሩቁ ከሰላ ድንጋይ ሆኖ የሚነበብ መፈክር?” እያለ ያሾፍብኛል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ዓይኔን የሚጠረጥር ግን አልነበረም።

ብራና ፍቆ፣ በወስፌ ወግቶ፣ መስመር አስምሮ የሚጽፍ ሰው፣ እንደ እኔ ያለው፣ የፊደሉን ልክ የሚወስነው የመጀመሪያውን ፊደል ከመጣሉ በፊት ነው፤ ገጹ ስንት መስመር እንደሚይዝ ያውቃል፣ የመጨረሻው መስመር ሲሞላም ሥራው አልቋል። ይህ ማሽን ግን ከተጻፈ በኋላ ፊደሉን ያሳድጋል፣ ገጹን ግን አያሳድግም፤ የላዩ ሲሰፋ የታቹ ይገፋል። ወለተሐና “የኔታ፣ ያልታየ ሁሉ የለም ማለት አይደለም፣ ወደ ታች ይጎትቱት” ብትለኝ፣ አርባ ዓመት ለጻፈ ሰው ገጽ ታስተምሪዋለሽን ብዬ ገሠጽኋት።

እንግዲህ ስሚኝ። በኅዳር ወር፣ ጧሪ የሌላቸው እናቶች አንድያ ልጆች ከዘመቻው እንዲቀሩ ከየቀበሌው የተላከውን ዝርዝር፣ የገብረ ጻድቅም የነበረበትን፣ ወለተሐና አጠናቅራ በትንሹ ፊደል ከአንድ ገጽ አሳርፋው፣ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሄደች። እኔ እንደ ልማዴ በጉልህ አደረግሁት፤ ወረቀቱ እንደ መቀነት ተያይዞ ከማተሚያው ሲወጣ፣ ገጹ እስከ ግርጌው ሞልቶ፣ አምሮ ስላገኘሁት፣ በቀዳዳው መስመር ቀድጄ፣ ማኅተም አስመትቼ ላክሁት። ተከትሎ የወጣውን ወረቀት የማተሚያው ቀለም አልቆበት ስለ ነበር፣ ባዶ ነው ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ወረወርሁት።

ባለፈው ሳምንት ወለተሐና ከሕክምና ተመልሳ የማተሚያውን ቀለም ልትለውጥ ጎንበስ ስትል አገኘችውና፣ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ፣ እየቆራረጠች አነበበችልኝ፤ ሦስት ስሞች ናቸው። አንዱ የመዘዞ ልጅ ነው፣ ሁለተኛው የአልዩ አምባዋ የዙቤዳ ልጅ ዓወል ነው፣ ሦስተኛውን ስትጠራ ዞር ብላ፣ “የኔታ፣ ብርሃነ መስቀል የእኅትዎ ልጅ አይደለም እንዴ?” አለችኝ።

እኅቴ ሆይ፣ ልጅሽን ከገጽ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዚህም የከፋው፣ ይህን ካወቅሁ በኋላ አምስት ቀን ሙሉ ዝም ማለቴ ነው፤ ስናገር ዓይኔ ይጠየቃል፣ ዓይኔ ሲጠየቅ እንጀራዬ ይቋረጣል፣ ለአንቺ በየወሩ የምልከውም ይቀራል እያልሁ፣ ፍርሃቴን በአንቺ ስም ሳስተዛዝነው ሰነበትሁ። በስድስተኛው ቀን ወለተሐና፣ “እርስዎ ካልገቡ እኔ እገባለሁ፤ እናቶቹ ሦስት ናቸው” ብትለኝ፣ ወረቀቱን ይዤ ከጓድ ወልደአረጋይ ፊት ቆምሁ። ሳያሾፍ ሰማኝ፤ ስጨርስም “ስሕተቱ የማን እንደ ሆነ፣ ለምንም እንደ ሆነ ጽፈው ይፈርሙልኝ፤ ያለዚያ የሚሰማኝ የለም” አለኝ። ፈረምሁ። ከየካቲት ጀምሮ በጡረታ ተሰናብቻለሁ፤ ይህም ሲያንሰኝ ነው።

ዛሬ ጠዋት ልጆቹ ከገቡበት ከጦር ማሠልጠኛው በስልክ መልስ መጣ፤ ሦስቱም ልጆች አሉ፣ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ግን ክፍላቸው ወደ ሰሜን ይንቀሳቀሳል። ረቡዕ፣ የካቲት ፩ ቀን፣ ዘመድ ቀርቦ ልጁን ከሰልፍ መካከል በመልኩ ለይቶ ይረከብ ተብሏል፤ ስም መጥራት አይበቃም አሉ፣ አንድ ስም ሲጠራ አምስት ሰው “አቤት” እያለ ይወጣልና።

ከመነሣትሽ በፊት ከገብረ ጻድቅ ዘንድ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂው፤ በገበያ የተሰደበ በገበያ ይካሣልና፣ ድንጋዩን ተሸክሞ እግሩ ላይ የሚወድቀው ግን እኔ ነኝ፣ ወደ ጎረቤላ ስመለስ። ከዚያ ማክሰኞ በሚወጣው አውቶቡስ ዙቤዳን ይዘሽ ነይ፤ ለመዘዞው ልጅ እናት ሰው ልከናል። ወንድ ወንድም እያላት ሴት ከጦር ሰፈር በር ትቆማለች ወይ ብሎ የሚያማሽ አይጠፋም፤ ጓድ ወልደአረጋይም የይለፍ ወረቀቱን በእኔ ስም ሊጽፈው ነበር፣ በአንቺ ስም እንዲሆን የለመንሁት እኔ ነኝ። ከጎንሽ አልለይም። ልጆቹ ራሳቸውን ተላጭተው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ሲሰለፉ፣ ፊቱን አንቺ ፈልጊው፤ ስታገኚውም እጁን አምጪና እጄ ላይ አኑሪልኝ።

የአባታችን ምርቃት ከመንገድሽ ይቅደም፤ ያ ዳገት ይለዝብልሽ፤ የሄድሽበት ቀን የምትመለሽበትን አያሳዝንብሽ።

ይቅር በይኝ ለማለት ገና ያልደፈርሁ፣
ታላቅ ወንድምሽ