ጎሽ የተባለችው መኪናችን

«ሠዓሊው በስደት እርጅናቸው የትውልድ መንደራቸውን በናፍቆት ከትዝታ የሣሉት፤ አንዲት ቻይናዊት ገበሬና ጎሿ።»

ውዴ ጽጌ፣

ከላይ ያለውን ቃል በቃል ነው የተረጎምኩልሽ። ፓርክ ሂል ሰፈር ባለ አንድ የሥዕል ማሳያ ከአንቺ ሥዕል ሥር ተለጥፏል። በሞት ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ፤ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ በንዴት መጀመሩን ይቅር በይኝ።

ቻይናዊቷ ገበሬ አንቺ ነሽ። አረንጓዴ ሻሽሽን አስረሽ፣ ከአውሮራ በስተምሥራቅ ባለው የስንዴ ማሳ ዳር፣ ሠዓሊው አባባ ሊን የጣሉትን የቀለም ክዳን ጎንበስ ብለሽ ከገለባው ውስጥ ትፈልጊያለሽ። ጎሹ ደግሞ ቡናማዋ መኪናችን ናት። ጎሹ ጎማ አለው፣ ጽጌ! ሁለቱ በግልጽ ይታያሉ።

የአባባ ሊንን ሥራዎች እናሳያለን ብለው ሲጠይቁኝ፣ ከሳሎናችን አውርጄ በአደራ ሰጠኋቸው። የት እንደተሣለ፣ ማን እንዳለበት ቅጹ ላይ በንጹሕ እንግሊዝኛ ጻፍኩ። አላነበቡትም። አዘጋጁን ሄጄ ባናግረው፣ ተመልካች ናፍቆት ያለበት ታሪክ ይወዳል ብሎ ፈገግ አለልኝ። ይህን ለማለት ሁለት ዲግሪ አስፈልጎታል። አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ፊታቸው ያለውን የኮሎራዶ ስንዴ አይተው መሣል እንደሚችሉ ግን በሐሳቡ አልመጣለትም።

ተቀጥረሽ እሳቸውን ስትንከባከቢ የነገሩሽን እኔ እንኳ አልረሳሁም። በወጣትነታቸው ከሥዕል ትምህርት ቤት ወደ እርሻ ተልከው፣ መሣል ስለተከለከሉ፣ በምሳ ሰዓት ኪስ በምትገባ ካርቶን ላይ ተደብቀው ይሥሉ ነበር። ማንም የማይከለክላቸው አውሮራ ከመጡም በኋላ ከመዳፍ የሰፋ ሥዕል አላማራቸውም። የማላየውን ዛፍ እንዴት እሥላለሁ ይሉሽ ነበር። ብርሃኑ ሲዞር ብሩሻቸውን ጠርገው ያበቃሉ። ከትዝታ አንድም አልሣሉም።

በዕረፍት ቀንሽ ሽማግሌ ይዘሽ ገጠር ለገጠር መዞርሽ ያበሳጨኝ ነበር። ይህ ሥዕል በተሣለበት ሐሙስ እጅሽን አሞሽ ስለነበር እኔ ነዳሁ። ወርደህ እይ እንጂ አልሽኝ። ይበርዳል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። አልበረደም ነበር። አባባ ሊን እየሣቁ ወደ መኪናዋ ሲያዩ፣ እኔንም እየሣሉኝ መሆኑን ያወቅሁት ሥዕሉን ለልደትሽ ሲሰጡሽ ነው።

ፒዮሪያ ጎዳና ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ ምስማሩ ብቻ ባዶውን ቀርቷል። መኪናዋን ሸጥኳት። ሳሮንን ማሳያው ድረስ ወስጃት ነበር። ልጃችን ጽሑፉን ሳታነብ ከበሩ «ዳድ፣ ዛት ኢዝ ማም» አለች። እሷ ገና አንድ ዲግሪ እንኳ የላትም።

ካሜራ ሲወጣ ፊትሽን በነጠላሽ ትሸፍኚ ስለነበር፣ ሳትሸሺ የተያዝሽበት ምስል ይህ ብቻ ነው። አሁን ከነውሸቱ መጽሐፍ ላይ ሊያትሙት ነው። ከታተመ በኋላ አንቺ የለሽም፤ ጎሽ ያላት ሴት ትኖራለች።

እኔ እስካለሁ ይህ አይሆንም። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በእንግሊዝኛ ለአዘጋጁ ልኬያለሁ። ስምሽ ከነአባትሽ ስም ይጻፍ፤ ማሳው የአውሮራ፣ ጎሹም መኪና ይባል፤ ውስጧ ያለው ውረድ ተብሎ ያልወረደው ባሏ መሆኑም ይጻፍ። ከአንቺ መልስ አልጠብቅም። ከእሱ ግን እስከ ኖቬምበር 15 ቀን በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ ፈገግታ አልቀበልም።