ግመል ከነጭነቱ የሚገባበት በር

ሪያድ፣ መላዝ
ኅዳር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሐጂ አብዱ፤

አሰላሙ አለይኩም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በአያቴ ሆቴል ላይ ሦስት ፎቅ ለመጨመር ንድፉን እንድሠራልዎ ፎቶ ልከውልኛል። በስልክም፣ «ያንቺ እጅ እያለ ለባዕድ መሐንዲስ አልሰጥም፤ የአባትሽም ነፍስ ደስ ይላታል» ብለውኛል። አባቴን ባያነሱት ይሻል ነበር።

ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። የሰኞ ገበያተኛ ግመሉን ከነጨው ጭነቱ እንዲያስገባ ብለው አያቴ በየመናዊ ግንበኛ ያሠሩት ከፍ ያለ ቅስት በር አሁንም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከላይ የእንጨቱ ሰገነት፣ በሰገነቱ ጥግ የእናቴ ክፍል። ያን ሆቴል አብስላና አንጥፋ ያቆመችው እናቴ ዓይሻ ናት። አባቴ ሲሞት ግን እርስዎ የኢዳዋን አራት ወር ከዐሥር ቀን እንኳ ሳያስጨርሱ በሐዘን ልብሷ አስወጧት። መበለት ሐዘኗን በባሏ ቤት እንድትጨርስ ጠላት እንኳ ይተዋታል። እናቴ በሰው ጓዳ ሞተች። አልረሳሁም፤ ይቅርም አላልኩም።

የሥራ ባልደረባዬ መርዕድ ነገሩን ሲሰማ፣ «እህቴ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ሣዪለትና በራሱ ላይ ይናድበት» አለኝ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ብረት የለውም፣ አንድ ፎቅም አይሸከምም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሐሳቡ ጣፍጦኝ ነበር። ግን እዚያ የሚያድረው ገበያተኛ ምን በደለኝ?

ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግሁ። እኔ እዚህ የምሠራው አሮጌ የጭቃ ቤቶችን ማደስ ነው፤ ቤት በቅርስነት የሚመዘገብበትን መንገድ አውቀዋለሁ። የላኩልኝን ፎቶና ስለ ቤቱ ዕድሜ እየኮሩ ያጫወቱኝን ሁሉ አደራጅቼ ለአገራችን የቅርስ ባለሙያዎች ላክሁ። ባለፈው ሆቴሉን ሊያዩ የመጡት እንግዶች እነሱ ነበሩ፤ እርስዎም ሻይ ጋብዘው እንደሸኟቸው ሰምቻለሁ። ሆቴሉ በቅርስነት ተመዝግቧል። ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ አንድ ድንጋይ አይነቀልም፣ አንድ ድንጋይ አይጨመርም። የሰገነቱ ክፍልም «የባለሆቴሏ የዓይሻ ክፍል» ተብሎ ለጎብኚ ይከፈታል። የቤቱን ታሪክ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ አስጎብኚው እርስዎ እንዲሆኑ ጠይቄያለሁ። ሴትየዋ ከቤቷ እንዴት እንደወጣች የሚጠይቅ አይጠፋምና መልሱን ከወዲሁ ያዘጋጁ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ያጽናው፤ የሰገነቱን ደረጃ ለብዙ ዓመት ይውጡት። የምመርቅዎ ከልቤ ነው።

የወንድምዎና የዓይሻ ልጅ፣
ናዲራ